የተሰነጠቀ ሞተር፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ይዘቱ እንደሚጨምር የማያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይኖራል ብለን አንገምትም። ዓረፍተ ነገሩ በፈተና ላይ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ተብሎ ይመለሳል፤ ከፈተናው በኋላም ይረሳል። ነገር ግን ይህ የተረሳ ዓረፍተ ነገር ብርድ በሚጠናባቸው አገሮች በየክረምቱ የብረት ሞተር ይሰነጥቃል። በጸደይ ወራት ጀልባውን ወደ ሐይቅ ለመመለስ የሚመጣው ባለቤትም ሞተሩ ጎኑ ተተርትሮ ሲያገኘው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ይጠገን ወይስ ተጥሎ በሌላ ይቀየር?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው ወገን «ብረት አንዴ ከተሰነጠቀ አበቃለት፤ አዲስ ግዛ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ማጣበቂያ ቀባበት፣ ይሠራል» ይላል። በእኛ እምነት ሁለቱም ከምርመራ በፊት የተሰጡ ፍርዶች በመሆናቸው ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው። ትክክለኛው መልስ የሚገኘው ስንጥቁ የት እንዳለ፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ ምን እንደሚሸከምና ውኃው የት እንደ ደረሰ ከታወቀ በኋላ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉዳቱን ያመጣው ምክንያት ካልተወገደ ጥገናውም ቅያሬውም ከንቱ ነው።

የአገራችን ሐይቆች በረዶ አይሆኑም፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ጣና እንኳ ጀልባዎቹን ዓመቱን ሙሉ ያንሳፍፋል። ስለዚህ ነገሩን በራሱ ስፍራ መመልከት ይሻላል። በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት፣ እያንዳንዳቸው ከ4 ሄክታር የማያንሱ 11,842 ሐይቆች ይገኛሉ። በጃንዋሪ ወር በሚኒያፖሊስ ከተማ የሌሊቱ መጠነ ሙቀት በአማካይ ከዜሮ በታች ወደ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። ጀልባና ብርድ እንዲህ በተጎራበቱበት ስፍራ የፊዚክስ ትምህርት ከክፍል ወጥቶ ወደ ጋራዥ ይገባል።

ውኃ ብረትን የሚሰብረው እንዴት ነው?

የአብዛኛዎቹ ፈሳሾች ሞለኪውሎች ሲጠጥሩ ይበልጥ ይቀራረባሉ። የውኃ ሞለኪውሎች ግን በሃይድሮጅን ትስስር ተያይዘው በመካከላቸው ባዶ ቦታ የሚተው ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ይሠራሉ። በዚህም ምክንያት ውኃ ይበልጥ የሚታፈገው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ በዜሮ ዲግሪ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ይዘቱ በ9 በመቶ ያህል ያድጋል። ግማሽ ሊትር ውኃ ከአፉ ሰፊ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጨምሮ፣ ደረጃውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ፣ ክዳኑን ሳይዘጋ በማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳደረ ተማሪ በማግስቱ በረዶው 545 ሚሊ ሊትር አካባቢ ደርሶ ያገኘዋል። (ሙከራው በጠርሙስ አይሞከር፤ ምክንያቱን ቀጥለን እናየዋለን።)

መስፋት ብቻውን ብረት አይሰብርም። ዕቃው ክፍት ከሆነ በረዶው ወደ ላይ አድጎ ነገሩ በሰላም ያልቃል። አደጋው የሚመጣው ውኃው መውጫ ሲያጣ ነው። በሞተር ውስጥ ደግሞ የሚሆነው ይኸው ነው። ቅዝቃዜው ከውጪ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ መጀመሪያ በረዶ የሚሆነው በቀጫጭን ቱቦዎችና በግድግዳ ዳር ያለው ውኃ ነው። ይህ በረዶ እንደ ቡሽ ሆኖ መውጫዎችን ይደፍናል። በመካከል የቀረው ውኃ መሄጃ አጥቶ በረዶ መሆን ሲጀምር ግፊቱ ያሻቅባል።

እስከ ስንት? ግፊት ሲጨምር የውኃ መርጊያ ነጥብ ስለሚወርድ፣ የታፈነ ውኃ በየዲግሪው ሊያሳድረው የሚችለውን ከፍተኛ ግፊት ማስላት ይቻላል። ከዜሮ በታች በ5 ዲግሪ ወደ 60 ሜጋፓስካል ማለትም ወደ 600 ከባቢ አየር ግፊት፣ በ10 ዲግሪ ወደ 110 ሜጋፓስካል፣ በ22 ዲግሪ ደግሞ ከ200 ሜጋፓስካል በላይ ይደርሳል። አሁን 20 ሚሊ ሜትር ሬዲየስና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ እናስብ። በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ውጥረት በግምት የግፊቱ አራት እጥፍ ስለሆነ፣ ከዜሮ በታች በ5 ዲግሪ ብቻ 240 ሜጋፓስካል ይሆናል። ለሞተር ብሎክ የሚውለው የተለመደ ካስት አይረን ሲሳብ የሚበጠሰው ከ200 እስከ 300 ሜጋፓስካል ባለው ክልል ውስጥ ነው። የብሎኩ ግድግዳዎች ደግሞ በየስፍራው ጠፍጣፋ በመሆናቸው ከክብ ቱቦ ይልቅ ለመታጠፍ የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ ሞተር እንዲሰነጠቅ የዋልታ ብርድ አያስፈልገውም፤ ጥቂት ዲግሪና በቂ ሰዓት ይበቃዋል።

ካስት አይረን ሌላም ድክመት አለው። በውስጡ ያለው ካርቦን በቅጠል መልክ በተበተነ ግራፋይት ስለሚገኝ፣ እያንዳንዱ ቅጠል ለስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ለስላሳ ብረት ከመሰበሩ በፊት ይለጠጣል፤ ካስት አይረን ግን ሳይለጠጥ ይሰበራል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ በለንደን ለወጣቶች ስለ ሻማ ኬሚስትሪ ባቀረበው ትምህርት ይህንኑ በዓይን አሳይቷል። ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት የነበራቸውን የካስት አይረን ጠርሙሶች አየር ሳያስቀር በውኃ ሞልቶ፣ አጥብቆ ዘግቶ፣ በበረዶና ጨው ድብልቅ ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ጠርሙሶቹም ፈነዱ። ዛሬ በሐይቅ ዳር የሚሰነጠቀው ሞተር የዚያ ሙከራ ድጋሚ ነው።

የጀልባ ሞተር የተለየ የሚሆንበት ምክንያት

በጀልባው ሆድ ውስጥ የሚተከሉ ብዙ የቤንዚን ሞተሮች ከመኪና ሞተር ብሎክ የተሠሩ ናቸው። ልዩነቱ ማቀዝቀዣቸው ላይ ነው። መኪና ተዘግቶ የሚዞር ፈሳሽና ራዲያተር አለው። ብዙ የጀልባ ሞተሮች ግን የሐይቁን ውኃ በፖምፓ ስበው በብሎኩ ውስጥ ካሳለፉት በኋላ ከጭሱ ጋር መልሰው ወደ ሐይቁ ይጥሉታል። አሠራሩ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በሞተሩ ውስጥ የሚቀረው ምንም ነገር ያልተቀላቀለበት ተራ ውኃ ነው። ከጀልባው ኋላ የሚንጠለጠሉት ሞተሮች ቀጥ ብለው ሲቆሙ ውኃቸው በራሱ ስለሚፈስ በአብዛኛው ከዚህ አደጋ ያመልጣሉ።

እዚህ ላይ በሰፊው የሚነገር አንድ ስሕተት አለ። በብሎኩ ጎን የሚታዩት ክብ የብረት ክዳኖች ውኃው በረዶ ሲሆን ተስፈንጥረው በመውጣት ብሎኩን እንዲያድኑ የተሠሩ ናቸው ይባላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቀዳዳዎቹ የሚያስፈልጉት ብሎኩ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ የውስጡን አሸዋ ለመደገፍና በኋላ ለማውጣት ነው፤ ክዳኖቹ የሚደፍኑት ይህንኑ ቀዳዳ ነው። አንዳንዴ ይወጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ብሎኩ ከእነርሱ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ክዳኑ ወጥቶ በማየት ብቻ «ተርፏል» ማለትም ሆነ ክዳኑ ባለመውጣቱ «ደኅና ነው» ማለት አይቻልም።

መጀመሪያ ምርመራ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሞተርም ቢሆን እንዲሁ ነው። በረዶ መትቶታል ተብሎ የተጠረጠረ ሞተር በመጀመሪያ መነሳት የለበትም። ውኃ ወደ ዘይት ገብቶ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ መሥራቱ ብቻ ኩሽኔታዎቹን ሊበላቸው ይችላል፤ ውኃ በሲሊንደር ውስጥ ካለ ደግሞ፣ ውኃ ስለማይታመቅ፣ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ ሊታጠፍ ይችላል። ከዚያ በፊት በረዶው በሙሉ እስኪቀልጥ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በረዶው ስንጥቁን ራሱ ደፍኖት ስለሚቆይ ያልቀለጠ ሞተር ጤነኛ ይመስላል።

ቀጥሎ ዘይቱ ይታያል። ወተት እንደ በዛበት ማኪያቶ ከነጣ ውኃ ተቀላቅሎበታል፤ ስለዚህ ከውጪ የሚታየው ስንጥቅ ብቸኛው ላይሆን ይችላል። ከዚያ ካንዴላዎቹ ወጥተው ሞተሩ በእጅ ይዞራል፤ በሲሊንደር ውስጥ ውኃ ካለ በዚህ ጊዜ ይወጣል። በመጨረሻም የውኃው መንገዶች ሁሉ ተዘግተው አንድ ከባቢ አየር ያህል የአየር ግፊት ይሞላባቸዋል። የመለኪያው መርፌ ከወረደ አየሩ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው፤ ከውጪ የተቀባው የሳሙና ውኃም አረፋ እያወጣ ቦታውን ይጠቁማል። አረፋ ሳይታይ መርፌው ከወረደ ስንጥቁ ውስጥ ነው ማለት ነው። ዓይን የማያየውን ቀጭን ስንጥቅ ለማግኘት ቀለም ያለው ሰርጎ ገብ ፈሳሽ፣ ወይም ብረቱ ማግኔት ሆኖ የሚበተንበት የብረት ብናኝ ያገለግላል። አንድ ስንጥቅ ማግኘትም የምርመራው መጨረሻ አይደለም፤ ውኃ የቆመበት ቦታ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው።

መጠገን የሚገባው መቼ ነው?

ምርመራው አራት ዓይነት ውጤት ሊሰጥ ይችላል። የተሰነጠቀው በቡሎን የታሰረ ክፍል፣ ለምሳሌ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ከሆነ፣ ያ ክፍል ብቻ ይቀየራል፤ ሞተሩን በሙሉ መጣል ብክነት ነው። ስንጥቁ በብሎኩ የውጭ ግድግዳ ላይ ብቻ ሆኖ ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ይህ ግድግዳ በሥራ ላይ የሚሸከመው አነስተኛ የውኃ ግፊት እንጂ የፍንዳታ ኃይል ስላልሆነ ሊጠገን ይችላል። ስንጥቁ በላይኛው የውስጥ ሸለቆ ላይ ሆኖ ውኃ ወደ ዘይት የሚያሳልፍ ከሆነ ጥገናው የሚቻል ቢሆንም የሠለጠነ እጅና ዳግም የግፊት ፍተሻ ይጠይቃል። ስንጥቁ በሲሊንደር ግድግዳ፣ ቴስታታውና ጓርኒሲዮኑ በሚቀመጡበት ገጽ ወይም የዋናው ዘንግ መቀመጫዎች ላይ ከደረሰ ግን ብሎኩን መሰናበት ይበጃል።

ካስት አይረንን መበየድ አስቸጋሪ መሆኑ እውነት ነው። በብየዳው ዙሪያ የጋለው ብረት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ ጠንካራና ተሰባሪ ውሕድ ይፈጥራል፤ ብየዳው ሲሸበሸብም ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል። ስለዚህ ወይ ብሎኩ በሙሉ በብዙ መቶ ዲግሪ ተግሎ ከተበየደ በኋላ እጅግ በዝግታ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ወይ በኒኬል ኤሌክትሮድ ጥቂት በጥቂቱ ይበየዳል። ሌላው መንገድ ያለ እሳት መስፋት ነው፦ በስንጥቁ ጫፎች ላይ ቀዳዳ በመብሳት ስንጥቁ እንዳይቀጥል ይገታል፤ ከዚያም ጥርስ ያላቸው ፒኖች እርስ በርስ እየተደራረቡ በስንጥቁ መስመር ይተከላሉ። ብረቱ ስለማይግል አዲስ ውጥረት አይፈጠርም። ኤፖክሲ ማጣበቂያም ንጹሕና ደረቅ በሆነ የውጭ ስንጥቅ ላይ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ሆኖም በሐይቅ ውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ማጣበቂያው ቢለቅ ፖምፓው የሐይቁን ውኃ ወደ ጀልባው ሆድ መርጨቱን እንደሚቀጥል መዘንጋት የለበትም። ከባሕር ዳርቻ ርቆ የሚሄድ ሰው ነፍሱን በቅባት ላይ ማሳደር አይገባውም።

«ካስት አይረን አይጠገንም» ለሚሉ ታሪክ መልስ አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ በወደቦቿ ታግተው የነበሩ የጀርመን መርከቦች ሠራተኞች የእንፋሎት ሞተሮቹን የካስት አይረን ሲሊንደሮች አስቀድመው ሰባብረዋቸው ነበር። ጉዳቱ በበረዶ ሳይሆን በእጅ የተፈጸመ ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ነበር። ብዙዎች አዲስ ሲሊንደር ማስፈሰስ ግድ ነው አሉ፤ ይህ ደግሞ ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ነበር። የባሕር ኃይሉ መሐንዲሶች ግን እያንዳንዱን ስብራት መርምረው በኤሌክትሪክ ብየዳና በብረት መጠገኛ መለሷቸው። መርከቦቹ በወራት ውስጥ ወታደር ጭነው ወደ አውሮፓ ተጓዙ። ሰባሪዎቹ የተሳሳቱት ስብራትን ከሞት ጋር በማመሳሰላቸው ነው።

መቀየርም ያለ ዕውቀት አይሆንም

ጥገናን የምንደግፈው በጭፍን አይደለም። የባለሙያ ሰዓት ውድ በሆነበት አገር የተሰነጠቀ ብሎክ መስፋት ከታደሰ ሞተር ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ የታደሰው ደግሞ ዋስትና ይዞ ይመጣል። ይህ ስሌት ተሠርቶ መቀየር ከተመረጠ ተቃውሞ የለንም። የምንቃወመው ስሌቱ ሳይሠራ፣ አንዳንዴም ማኒፎልድ ብቻ በተሰነጠቀበት፣ ሞተሩ እንዲጣል ሲወሰን ነው።

ቅያሬውም የራሱ ወጥመድ አለው። ብሎኩ ከመኪና ጋር አንድ ስለሆነ ብቻ ከወደቀ መኪና የተነቀለ ሞተር በጀልባ ላይ እንዳለ መትከል አይገባም። በጀልባ ሆድ ውስጥ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይጠራቀማል። ስለዚህ የሞተር ማስነሻውና ጄኔሬተሩ ብልጭታቸው ወደ ውጪ እንዳይወጣ ተደርገው የተሠሩ መሆን አለባቸው፤ የአሜሪካ ሕግም ለቤንዚን ጀልባዎች ይህንኑ ያስገድዳል። የመኪና ማስነሻ ገጥሞ ገንዘብ ያተረፈ ሰው በጀልባው ውስጥ ክብሪት አስቀምጧል።

ምክንያቱ ካልተወገደ

ከሁሉም የከፋው ግን የሚከተለው ነው። ባለቤቱ አዲስ ሞተር ያስገባል፤ በቀጣዩ ክረምት እርሱም ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ውኃውን አላፈሰሰም ማለት አይደለም። የማፍሰሻውን ቡሎን ከፍቷል፤ ጥቂት ውኃ ወርዶ ቆሟል፤ «አለቀ» ብሎ ዘግቶታል። ውኃው የቆመው ግን ስላለቀ ሳይሆን ዝገትና የሐይቅ አሸዋ ቀዳዳውን ስለደፈኑት ነው። በቀዳዳው ውስጥ ሽቦ መክተት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

የጸረ በረዶ ፈሳሽ አጠቃቀምም እንዲሁ ነው። ኤትሊን ግላይኮል ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል ሲደባለቅ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ በረዶ አይሆንም፤ ነገር ግን መርዛማ ስለሆነ ወደ ሐይቅ በሚፈስ ሞተር ውስጥ የሚመከረው ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው። ሞተሩ ሳይፈስ ፈሳሹን ከላይ ማስገባት በውስጡ ከቀረው ውኃ ጋር እያቀጠነ ኃይሉን ያሳጣዋል። በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥርም አንዳንዴ ቱቦ የማይፈነዳበትን ዲግሪ እንጂ ፈሳሹ መርጋት የሚጀምርበትን አያመለክትም። ቁጥርን ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ መጠየቅ ሌላ ነው።

በሞተሩ አጠገብ ማሞቂያ የሚያበሩም አሉ። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ በረዶ ሲሆን 334 ኪሎጁል ሙቀት ይለቃል። ስለዚህ ዜሮ ዲግሪ ላይ የደረሰ 10 ሊትር ውኃ በረዶ ሲሆን የሚለቀው ሙቀት 100 ዋት ማሞቂያ በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ያህል ጊዜ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ዘዴው የሚሠራው ግን መብራት እስካለ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን ያልተለመደ ብርድ ሲመታት ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጥተዋል፤ ብርዱ የበረታውና መብራት የጠፋው በአንድ ሌሊት ነበር። የጀልባ ኢንሹራንስ ባለሙያዎች እንደሚያስገነዝቡት በረዶ ብዙ ሞተር የሚሰብረው በቀዝቃዛዎቹ ግዛቶች ብቻ አይደለም፤ ሞቃት በሆኑት ደቡባዊ ግዛቶችም ነው። የሰሜኑ ሰው ብርዱን ያውቀዋልና ይዘጋጃል። የደቡቡ ሰው «እኛ ጋ አይመጣም» ይላል።

ለእኛስ?

ይህ ነገር ከእኛ ሩቅ ቢመስልም አስተሳሰቡ ቅርባችን ነው። በአገራችን ጋራዦች ቴስታታ የሚሰነጠቀው በብርድ ሳይሆን በሙቀት ነው፤ ውኃ የጨረሰ ሞተር ሲግል፣ ወይም በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጨመርበት። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ግን ከሚኒሶታው ጋር አንድ ነው። ራዲያተሩ ለምን ውኃ እንደ ጨረሰ ሳይጠየቅ ቴስታታው ብቻ ተቀይሮ መኪናው ይወጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ይመለሳል።

ስለዚህ ሜካኒኩንና የቶርኖ ባለሙያውን «የእጅ ሥራ ሰው» ብሎ ከሳይንስ ውጪ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም እንላለን። ስንጥቅን የሚመረምር ሰው መላምት ያቀርባል፣ ይለካል፣ መላምቱን ይጥላል ወይም ያጸናል፤ በቤተ ሙከራ የምንሠራውም ይኸው ነው። በአንጻሩ የውኃን መስፋት በቃሉ የያዘ፣ ነገር ግን የማፍሰሻ ቀዳዳ ለምን በሽቦ እንደሚነካካ ሊያስረዳ የማይችል ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን ያውቃል እንጂ ሳይንሱን ገና አላወቀውም። መምህራን የውኃን መስፋት ሲያስተምሩ የተሰነጠቀ ብሎክ ወይም የፈነዳ ቱቦ ወደ ክፍል ቢያመጡና «የት ጋ ጀመረ? ለምን እዚህ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ትምህርቱ ከፈተናው በኋላም ይቆያል።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለበረዶም ይሠራል። ለተሰነጠቀው ሞተር ግን ምክራችን ሦስት ቃል ነው፦ መርምር፣ አስላ፣ ወስን። ቅደም ተከተሉም አይዛባ።